ከግድግዳው ማዶ የሰማሁት ስግደት

ይህ የደረሰብኝ ኮሮና በገባ ዓመት፣ ክረምት ላይ፣ ተዘግተው የከረሙት ሆቴሎች አንድ በአንድ መከፈት በጀመሩበት ሰሞን ነው። ሰው ያንን ጊዜ ረስቶታል፤ የአፍ መሸፈኛውንም ከጣለው ቆየ። እኔ ግን ፍልሰታ በመጣ ቁጥር ጉልበቴ ወለል ሲነካ ያ ድምፅ ይመጣብኛል። ከዚያ ወዲህ ስግደት አቅቶኛል። ለምን እንዳቃተኝ ለንስሐ አባቴ ነግሬያለሁ። ልነግረው ለሚገባኝ ሰው ግን እስከ ዛሬ አልነገርኩትም።

እኔ ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ልጅ ታቅፌ ነው። ጽሑፌ ቢንጋደድ አንባቢ ይቅር ይበለኝ። አዲስ አበባ የነበረን ቤት ከፈረሰና ባለቤቴም ካረፈ ወዲህ የራሴ የምለው ቤት የለኝም። ሴቷ ልጄ ቡራዩ ናት፣ ወንዱ ሱሉልታ። አንድ ወር እዚህ፣ ሁለት ወር እዚያ እላለሁ። ልጆቼ አስቸግረውኝ አይደለም፤ እግሬ ነው አንድ ቦታ የማይቀመጠው። የቡራዩዋ ጎረቤታችን "እርስዎ እኮ ከታክሲ ረዳት የበለጠ መንገድ ያውቃሉ" እያለች ትስቅብኛለች።

ያን ክረምት ቡራዩ ሳለሁ የልጄን ባል ሳል ያዘው። ተመርምሮ "አለብህ" ተባለ። ሳምንት ሳይሞላ ልጄም ተከተለች። እኔ ስመረመር ነፃ ሆንኩ። እዚያው እንዳልቀመጥ ዕድሜዬ አስፈራቸው፤ ሱሉልታ እንዳልሄድ ምራቴ ከወለደች ገና ሃያ ቀኗ ነበር። በሽታ ይዤ አራስ ቤት ብገባ ምን ይውጠኛል? በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የምሄድበት አጣሁ።

የደረሰችልኝ የልጅ ልጄ ሜሮን ናት። ሜሮን ሰበታ ከጓደኞቿ ጋር ተከራይታ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነበረች። ሆቴሉ ገና ስለተከፈተ ባዶ ነው። ማናጀሩን ለምና ለሁለት ሳምንት አንድ ክፍል አስፈቀደችልኝ።

እኔ ሆቴል አድሬ አላውቅም ነበር። በሩ ላይ ጥበቃው ሽጉጥ የመሰለ ነገር ግንባሬ ላይ ሲደግንብኝ ክው አልኩ።

"ሙቀትዎን ሊለካ ነው እማማ!" አለች ሜሮን በሳቅ።

"ታዲያ እጅ ወደ ላይ ነው የሚባለው?" አልኩት ጥበቃውን። እሱም ሳቀ።

ሜሮን እንደነገረችኝ፣ በደጉ ጊዜ በየፎቁ ክፍል የሚያጸዳና የሚታዘዝ ሰው ነበር። ኮሮና ሲገባ ሁሉም ተሰናበቱ። ሲከፈት የተጠሩት እሷ፣ አንዲት ምግብ አብሳይና ጥበቃው ናቸው። እንግዳ የምትቀበለው እሷ፣ አንሶላ የምታጥበው እሷ፣ ምግብ የምታደርሰው እሷ። እንግዳ እስኪለቅ ድረስ ክፍል መግባት ተከልክሏል። ምግቡ በፌስታል ሆኖ የበር እጀታ ላይ ይንጠለጠላል። የአልጋ ዳር ስልኩን የብዙ ሰው እጅ ይነካዋል ብለው ነቅለውታል። ምንጣፍ የሚባለውን ሁሉ፣ የመታጠቢያ ቤቱን ትንሿን ምንጣፍ ሳይቀር፣ በረኪና አይችልም ብለው ጠቅልለው አውጥተውታል። የቀረው ልሙጥ ሴራሚክ ነው። እኔ በካልሲ አንድ ጊዜ ተንሸራትቼ የአልጋውን እግር ይዤ ተረፍኩ። ከበሩ ጀርባ "ይህ ሁሉ የሚደረገው ለእንግዶቻችን ደኅንነት ነው" የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ጊዜ ስለነበረኝ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ።

እኛ ፎቅ ላይ ሌላ የነበረው እንግዳ አንድ ብቻ ነው። ከጎኔ ያለው ክፍል ውስጥ። በረንዳችን ጎን ለጎን ሆኖ መሐሉ ላይ በግንብ ተከፍሏል። በነጋታው ጠዋት በረንዳ ስወጣ ከግንቡ ማዶ ነጭ ጢም ያላቸው ሽማግሌ ጋቢያቸውን ለብሰው ቆመዋል።

"አካም ቡልተን!" አሉኝ።

"እግዜር ይመስገን። እርስዎስ እንዴት አደሩ?"

"ነጋ ነው፣ ደህና ነኝ። እርስዎንም ልጆች ናቸው ያሰሩዎት?"

"አዎ፣ ልጆች ናቸው!"

"እኔን ያሳሰረኝ ዓይኔ ነው" አሉና ሳቁ።

ኦቦ ቶሌራ ይባላሉ። የተጂ ገበሬ ናቸው። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት አዲስ አበባ የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ተሰጥቷቸዋል። ሐኪሞቹ "እስከ ቀጠሮው ከሰው ይራቁ" አሏቸው። ተጂ እቤታቸው ደግሞ ጠያቂ ያልገባ ቀን የለም። ዱከም ፋብሪካ የሚሠራው ልጃቸው ገመቹ አምጥቶ እዚህ አስቀመጣቸው።

እሳቸው ያሉበት ስላልተመቻቸው፣ እኔም ወሬ ወዳድ ስለሆንኩ፣ በየጠዋቱ በረንዳ ላይ እንጫወት ነበር። እሳቸው ስለ በሬዎቻቸው፣ እኔ ስለ መንገዴ። አንድ ነገር አይወዱም፤ በቀን የበራ መብራት። እኔ ክፍል ውስጥ ረስቼው ካዩ "እትዬ፣ ፀሐይዋ አነሰችዎት?" ይሉኛል። "ዓይኔ አያይም አላሉኝም?" ስላቸው "መብራት ሲባክን ያያል" ይላሉ።

የፍልሰታ ዋዜማ ግን ሊሰናበቱኝ ወጡ።

"እኔ በየዓመቱ አገሬ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ጎጆ ቀልሼ ሱባኤ እገባ ነበር። ዘንድሮ ሽማግሌ አይሰብሰብ ተባለ፣ ዓይኔም አለ። ስለዚህ እዚሁ እገባለሁ።"

"ሆቴል ውስጥ?"

"ምነው፣ እግዜር ሆቴል አይገባም?" አሉኝ። እንዴት እንደሳቅን!

ባለቤታቸው የቋጠሩላቸውን ገብስ ቆሎና ሽምብራ አንስተው አሳዩኝ። ስልካቸውን እንደሚያጠፉ፣ ለገመቹም እንደነገሩት ነገሩኝ። "ለልጅቷ ይንገሩልኝ። ምግቡን በዘጠኝ ሰዓት ታንጠልጥል፣ በሬን ግን አታንኳኳ። ካላነሳሁት በቆሎዬ ውያለሁ ማለት ነው። እርስዎም ጾሙ እስኪፈታ እንዳያናግሩኝ። ቃል ይስጡኝ።"

ሱባኤ የያዘን ሰው ማናገር ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ቃል ሰጠኋቸው። ለሜሮንም እንዳሉኝ ነገርኳት።

ሦስት ቀን በሰላም አለፈ። ፌስታሉ በዘጠኝ ሰዓት ይንጠለጠላል፣ ትንሽ ቆይቶ አይገኝም። ምንጣፍ የሌለው ቤት ሁሉን ያሰማል፤ ሲያስሉ፣ ወንበር ሲስቡ፣ ውሃ ሲከፍቱ እሰማለሁ። ሳላያቸውም ጎረቤት አለኝ ብዬ ደስ ይለኝ ነበር።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ኃይለኛ ዝናብ ይጥላል። ፊቴን ስታጠብ ከእሳቸው በኩል አንድ ነገር ዷ ብሎ ሲወድቅ ሰማሁ። ባልዲ መሰለኝ። ዝም አለ። ቆይቶ ከግድግዳው ሥር፣ ከወለሉ ጋር፣ ዱብ የሚል ድምፅ መጣ። ዱብ። ደግሞ ዱብ። በመሐሉ የኦቦ ቶሌራ ድምፅ "ያ ዋቃዮ፣ ያ ዋቃዮ" ይላል። አምላኬ ሆይ ማለት ነው፤ ይህን ያህል ኦሮምኛ አላጣም።

ሲሰግዱ መሰለኝ።

ሌላ ምን ይመስለኛል? ጾም ነው፣ ሱባኤ ነው፣ ሽማግሌው አምላካቸውን እየጠሩ ወለል ይመታሉ። ሰባት ስምንት ጊዜ ይመቱና ያቆማሉ። ዕድሜ ነው፣ ያርፋሉ አልኩ። ደግሞ ይጀምራሉ። በዚህ ዕድሜያቸው እንዲህ ሲበረቱ እኔ አልጋ ላይ ተጋድሜ መስማቴ አሳፈረኝ። ነጠላዬን አጣፍቼ ተነሣሁ። ጉልበቴ ከታመመ ጀምሮ ስግደት ትቼ ነበር። ያን ቀን ግን እሳቸው ዱብ ሲሉ እኔም ዱብ፣ ሁለት ሲሉ ሁለት፣ ሲያርፉም አርፌ፣ አብሬያቸው ሰገድኩ። አንድ ጊዜ የኔን ሰምተው በረቱ። ቶሎ ቶሎ አደረጉት። እኔም ቶሎ ቶሎ አልኩ። ላብ በላብ ሆንኩ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ እዚህ ላይ አልዋሽም። ከባለቤቴ ሞት ወዲህ ከሰው ጋር እንዲያ ጸልዬ አላውቅም።

በዘጠኝ ሰዓት ሜሮን ምግብ አንጠለጠለች። ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመልሳ በሬን አንኳኳች።

"እማማ፣ ኦቦ ቶሌራ አላነሱትም። ልቤ ደስ አላለውም። መለዋወጫ ቁልፍ ይዣለሁ፣ ከፍቼ ልያቸው እንዴ?"

"ኧረ ተይ! ሱባኤ ላይ እኮ ናቸው። ካላነሳሁት በቆሎዬ ውያለሁ ብለዋል።"

"ቢሆንም…"

"ይልቅ ነይ ስሚ" ብዬ ግድግዳው ጋ ወሰድኳት። ጆሮዋን ለጠፈች። ዱብ አለ። ቆይቶ ዱብ።

"ይኸው! ከጠዋት ጀምሮ ሲሰግዱ ነው የዋሉት" አልኳት።

"እርስዎስ ስንት ሰገዱ?"

"ሃምሳ ሰባት።"

"ሃምሳ ሰባት? በዚያ ጉልበትዎ? ነገ ማን ሊያነሳዎት ነው?" ብላ ሳቀችብኝ። ቁልፉን ኪሷ ከታ ወረደች።

ድምፁ ቀን ሳለ፣ ገና ብርሃን እያለ፣ ቆመ። ጨረሱ አልኩ።

በነጋታው ዝም አለ። ደክሟቸው ተኝተዋል አልኩ። እኔም ጉልበቴ አብጦ እስከ እኩለ ቀን አልጋ ላይ ዋልኩ። ሜሮን መጥታ የትናንቱ ፌስታል እንዳለ መሆኑን ስታይ ለማናጀሩ ደወለች። እሱም "እንግዳው ራሱ አታንኳኩ ብሏል፣ ክፍል መግባትም ክልክል ነው፣ ጠብቂ" አላት። እኔም "ጠብቂ" አልኳት። ጆሮዬ ግን ግድግዳው ላይ ነበር። ሳል እንኳ የለም። ውሃ የለም። ወንበር የለም።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጣች። እያነከስኩ በረንዳ ወጣሁ። የሰጠሁት ቃል አስሮኝ አልተጣራሁም። በግንቡ ጠርዝ አንገቴን አስግጌ መስኮታቸውን ብቻ አየሁ።

መጋረጃው እንደተዘጋ ነው። ከመጋረጃው ኋላ መብራቱ በርቷል። በጠራራ ፀሐይ።

ቃሌን ያኔ ረሳሁት። "ኦቦ ቶሌራ! ኦቦ ቶሌራ!" ብዬ ጮህኩ። መልስ የለም። "ሜሮን! ክፈቺ! መብራታቸው በርቷል!" እያልኩ ኮሪደሩን በጩኸት ሞላሁት። ሜሮንና ጥበቃው እየሮጡ ወጡ። በሩ ተከፈተ።

መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ነበሩ። ለጠዋት ጸሎት ሊታጠቡ ገብተው ያ ልሙጥ ሴራሚክ ጥሏቸዋል። ዳሌያቸው ተሰብሯል። ቀኝ እጃቸው እኔንና እሳቸውን ከሚለየን ግድግዳ ሥር ተዘርግቷል፤ የጡጫቸው ቆዳ ተልጦ ግድግዳው ላይ የደም ምልክት አለ። አንድ ቀን ተኩል ሙሉ እርጥብ ወለል ላይ። ትንፋሻቸው ግን ነበረች። ዓይናቸውን ገልጠው ወደኔ አዩ። ምን ያህል እንዳዩኝ አላውቅም።

አምቡላንስ መጥቶ ወሰዳቸው። ገመቹም ከዱከም በቀጥታ ሆስፒታል ደረሰ። በአምስተኛው ቀን ማረፋቸውን ሜሮን ነገረችኝ። ብርድ ሳንባቸው ገብቶ ነው አሉ።

ለቅሶ ተጂ ሄድኩ። ሰው አትሂጂ ቢለኝም ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ ተራርቀን ተቀምጠናል፣ አፋችን ተሸፍኗል፤ እንባ ግን አይሸፈንም። ገመቹን ያን ቀን ነው ያየሁት። እኔ ማን እንደሆንኩ ሲነግሩት ተነሥቶ መጣ። እንዳይነካኝ ቢይዙትም ተንበርክኮ ጉልበቴን ሳመ። ያንኑ ጉልበቴን።

"እማማ" አለኝ፣ "አባዬ ሁለት ቀን አፉ ሳይያዝ ስለ እርስዎ ነው ያወራኝ። 'ወድቄ ግድግዳውን ስመታ እትዬ መለሱልኝ' አለኝ። 'አንድ ስመታ አንድ፣ ሁለት ስመታ ሁለት። ሰምተውኛል፣ ሰው እየጠሩ ነው ብዬ መምታቱን ተውኩ። አቅሜን ቆጥቤ ጠበቅኩ። ብቻዬን አልነበርኩም' ነው ያለኝ። እግዜር ይስጥልን። እርስዎማ የሚችሉትን አድርገዋል። ያዘገዩት ሆቴሎቹ ናቸው፤ ያቺ ልጅ ናት።"

ክንዱን ይዤ አነሳሁት።

ምን ልበለው? አባትህ ድረሱልኝ ሲሉ እኔ ስግደት እየቆጠርኩ ነበር ልበለው? የተዉት እኔ ስለመለስኩላቸው ነው፤ ባልመልስላቸው እስኪሰማ ይመቱ ነበር ልበለው? ድንኳኑ ሙሉ ሰው ያየኛል። ባለቤታቸው ከወዲያ ማዶ በእጃቸው ይመርቁኛል። አንገቴን ደፋሁ። ምርቃቱን ተቀበልኩ።

ሜሮን ከሥራ ተባረረች። "ቁልፍ ይዘሽ ለምን አልከፈትሽም?" ሲሏት "አላሰብኩትም" አለች። አያቴ ከለከለችኝ አላለችም። እኔንም አንድ ቀን ወቅሳኝ አታውቅም። አሁን ቡራዩ አንዲት ልብስ ስፌት ቤት ትሠራለች። እኔ ስሄድ ጉልበቴን በቅባት ታሽልኛለች፣ ስለዚያ ጉዳይ ግን አናወራም።

ገመቹ አልረሳኝም። በየዓመቱ የሽምብራ እሸት ከተጂ ይዞልኝ ይመጣል፣ የትኛው ልጄ ቤት እንዳለሁ ጠይቆ። ሜሮን ካለች ሰላም አይላትም። እሷ ተነሥታ ትወጣለች። እኔ እሸቱን ታቅፌ እቀራለሁ። ዘንድሮ እነግረዋለሁ እላለሁ፤ "እናቴ ነዎት" ሲለኝ እተወዋለሁ። አንድ ቀን ወሬ በወሬ ሲነሣ "የፋብሪካው ሰርቪስ ውስጥ ይህን የገጠመኝ ዓምድ ሳላነብ አልውልም" አለኝ። እዚህ የጻፍኩት ለዚህ ነው። ስሞቹን ሁሉ ቀይሬያለሁ፤ እሱ ሲያነበው ራሱን ያውቃል።

ገመቹ፣ ልጄ። እኔ አልመለስኩላቸውም። ሲሰግዱ መስሎኝ አብሬያቸው ስሰግድ ነበር። ሜሮን ያን ቀን ልትከፍት መጥታ ነበር፤ ቁልፉን ኪሷ ያስከተትኳት እኔ ነኝ። እሷን ይቅር በላት፣ ምንም አላጠፋችም። እኔን እንደ ልብህ።

አሁን በምሄድበት ቤት ሁሉ ከጎረቤት አንድ ነገር ዱብ ካለ ተነሥቼ ሄጄ አንኳኳለሁ። ልጆች ኳስ እየመቱ ይሆናል፣ ሴትዮዋ ሥጋ እየከተፈች ይሆናል። "ምነው እማማ?" ይሉኛል። "ደህና ናችሁ ወይ ብዬ ነው" እላቸዋለሁ። አሮጊቷ ጃጀች እንደሚሉ አውቃለሁ። ይበሉ።

እሸት የሚደርስበት ወር ቀርቧል። እስከዚያ ቡራዩ ነኝ፣ ሜሮን ጋ። ከመጣህ ሁለታችንም ቤት ነን። ካልመጣህ ምክንያቱን አውቀዋለሁ።